የሟሟ ጨው የውሃን አሲዳማነት እንዴት ይለውጣል? የአንድ ጥያቄ ዳሰሳ

ጨው በውሃ ሲሟሟ የውሃው አሲዳማነት ይለወጣል ወይስ አይለወጥም የሚለው ጥያቄ በመማሪያ መጽሐፍ በአንድ ገጽ ተጀምሮ በአንድ ገጽ የሚያልቅ ይመስላል። ከብርቱ አሲድና ከብርቱ ቤዝ የተገኘ ጨው ገለልተኛ፣ ከደካማ አሲድና ከብርቱ ቤዝ የተገኘው ቤዛዊ፣ ከብርቱ አሲድና ከደካማ ቤዝ የተገኘው ደግሞ አሲዳማ ነው ይባልና ተማሪው ሠንጠረዡን ሸምድዶ ያልፋል። ሕጉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የሚመልሰው ከሦስት ጥያቄዎች አንዱን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ጨው ሲበተን የሚወጡት አዮኖች፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል የተሸከሙት ቅንጣቶች፣ ለውሃ ፕሮቶን (የሃይድሮጅን አዮን) ይሰጣሉ ወይስ ከውሃ ይቀበላሉ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ፕሮቶን የማይሰጥም የማይቀበልም ጨው በዚያ ስላለ ብቻ አብረውት የሟሙትን የሌሎች አሲዶችና ቤዞች ጠባይ ይለውጣል ወይ የሚል ነው። ሦስተኛውና አዘውትሮ የሚዘነጋው ጥያቄ፣ ጨው በበዛበት ውሃ ውስጥ አሲዳማነት ተብሎ የሚለካው ነገር ራሱ ምን እንደሆነ ይመረምራል። በየዘመኑ ከተነሱት ክርክሮች ብዙዎቹ የተወሳሰቡት ሦስቱ ሳይለዩ በመቅረታቸው ስለሆነ፣ ይህ ዳሰሳ እነርሱን እየለየ ይሄዳል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቀለም ወደ አዮን

አሲድን በጣዕሙና በሚያመጣው የቀለም ለውጥ መለየት የቆየ ልማድ ነው። ሮበርት ቦይል በ1664 ስለ ቀለሞች ባሳተመው መጽሐፍ ሰማያዊው የቫዮሌት አበባ ሽሮፕ በአሲድ ቀይ፣ በአልካሊ ደግሞ አረንጓዴ እንደሚሆን ገልጿል። በ1754 ፈረንሳዊው ጊዮም ፍራንሷ ሩዌል፣ ጨው ማለት አሲድ ቤዝ ብሎ ከጠራው ሌላ ነገር ጋር ተዋሕዶ የሚሰጠው ውጤት ነው ሲል ትርጓሜውን አሰፋ፤ ከዚያ ወዲህ የገበታ ጨው ከብዙ ጨዎች አንዱ ብቻ ሆነ። አንቷን ላቮዋዚዬ የአሲድነት ምንጭ ኦክስጅን ነው ብሎ ቢያስተምርም፣ ሃምፍሪ ዴቪ በ1810 ገደማ ከገበታ ጨው የሚገኘው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ምንም ኦክስጅን እንደሌለው አሳየ፤ ዩስቱስ ፎን ሊቢግም በ1838 አሲድ ማለት በብረታ ብረት ሊተካ የሚችል ሃይድሮጅን የያዘ ውሁድ ነው አለ።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ እንቆቅልሽ ሳይፈታ ቆይቷል። አሉም የተባለው የአሉሚኒየም ጨው አሲዱና ቤዙ ተመጣጥነው የገቡበት፣ በሩዌል ትርጓሜ ሙሉ የሆነ ጨው ነው፤ ሆኖም በውሃ ሲሟሟ ሰማያዊውን የሊትመስ ወረቀት ያቀላል። ሶዲየም ካርቦኔትም እንዲሁ ጨው ሆኖ ሳለ ቀዩን ሊትመስ ሰማያዊ ያደርጋል። ጨው የአሲድና የቤዝ መጣፋት ከሆነ፣ ተጣፍቶ ያለቀው ነገር እንደገና አሲድ ወይም ቤዝ ሆኖ የሚታየው ከየት መጥቶ ነው?

መልሱ የመጣው ከኤሌክትሪክ ጥናት ነው። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በ1884 በኡፕሳላ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ የጀመረውንና በ1887 አሟልቶ ያወጣውን ሐሳብ፣ ማለትም ጨው በውሃ ሲሟሟ የኤሌክትሪክ ጉልበት ሳይነካው በራሱ ወደ አዮኖች እንደሚበተን የሚለውን፣ በጊዜው ብዙ ኬሚስቶች አልተቀበሉትም ነበር፤ በ1903 ግን የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። ፍሪድሪኽ ኮልራውሽና አዶልፍ ሃይድቫይለር በ1894 እጅግ የተጣራ ውሃ እንኳ ጥቂት ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ ለክተው፣ ውሃ ራሱ በጥቂቱ ወደ ሃይድሮጅን አዮንና ወደ ሃይድሮክሳይድ አዮን እንደሚለያይ አረጋገጡ። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን አዮን የአንድ ሞል አንድ አሥር ሚሊዮንኛ ነው፤ ሶረን ሶረንሰን በ1909 ባቀረበው መለኪያ ይህ ፒኤች 7 ይባላል። ፒኤች ሲቀንስ አሲዳማነት ይጨምራል፤ የአንድ ቁጥር ልዩነትም የአሥር እጥፍ ልዩነት ነው። ገለልተኛነት 7 ላይ የሚውለው በ25 ዲግሪ ብቻ ነው፤ በ60 ዲግሪ ገለልተኛ ውሃ ወደ 6.5 ይወርዳል፣ ይህ ማለት ግን አሲዳማ ሆነ ማለት አይደለም።

ፕሮቶን የሚሰጡና የሚቀበሉ አዮኖች

የአቼቶን አሲድ፣ ማለትም አሴቲክ አሲድን፣ በኮስቲክ ሶዳ ሙሉ በሙሉ በማጣፋት የሚገኘው ሶዲየም አሴቴት ለመጀመሪያው ጥያቄ ጥሩ ማሳያ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ 0.1 ሞል ሲሟሟ የሙሙቱ፣ ማለትም ጨውና ውሃ ተዋሕደው የሰጡት ፈሳሽ፣ ፒኤች 8.9 ገደማ ይሆናል። ሶዲየሙ በዚህ ውስጥ ድርሻ የለውም። ሥራው የአሴቴት አዮን ነው፤ አሴቲክ አሲድ ደካማ አሲድ ስለሆነ ፕሮቶኑን ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ ስለዚህም አሴቴቱ ከውሃ ላይ ፕሮቶን መልሶ ይወስድና ሃይድሮክሳይድ ይተዋል። የሚገርመው የመጠኑ ትንሽነት ነው። ከ13,000 የአሴቴት አዮኖች ፕሮቶን የሚቀበለው አንዱ ብቻ ሲሆን፣ ያ አንዱ ግን የሃይድሮክሳይዱን መጠን ከንጹሕ ውሃው ወደ 75 እጥፍ ያደርሰዋል። ትንሽ ለውጥ ትልቅ ሆኖ የሚታየው ንጹሕ ውሃ ራሱ ያለው አዮን እጅግ ጥቂት በመሆኑ ነው። በተመሳሳይ መጠን አሞኒየም ክሎራይድ 5.1 ገደማ፣ ሶዲየም ካርቦኔት ደግሞ 11.6 ገደማ ይሰጣሉ።

መስጠትም መቀበልም የሚችሉ አዮኖች ሲመጡ ሠንጠረዡ ይላላል። የቤኪንግ ሶዳው ባይካርቦኔት ፕሮቶን ሊሰጥም ሊቀበልም ስለሚችል፣ የሙሙቱ ፒኤች በካርቦኒክ አሲድ ሁለት ደረጃዎች መካከል 8.3 ላይ ይቆማል፤ መጠኑ ቢጨምር ወይም ቢቀንስም ብዙ አይንቀሳቀስም። ከዚህ የሚበልጥ ጥንቃቄ የሚሹት ሁለቱም አዮኖቻቸው የሚሠሩት ጨዎች ናቸው፤ አሞኒየም አሴቴት ሰጪውና ተቀባዩ እኩል ስለሚበረቱ 7 ላይ ሲውል፣ አሞኒየም ፍሎራይድ ወደ 6.2 ይወርዳል፤ አሞኒየም ሳያናይድ ደግሞ ከ9 ያልፋል። ገበሬው በሚያውቃቸው ማዳበሪያዎችም ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ዳፕ፣ ማለትም ዳይአሞኒየም ፎስፌት፣ በውሃ ሲሟሟ ቤዛዊ ነው፤ አንድ አሞኒየም ብቻ ያለው ሞኖአሞኒየም ፎስፌት ግን አሲዳማ ነው። ይህ የሙሙቱ ጠባይ ማዳበሪያው በአፈር ውስጥ በጊዜ ብዛት ከሚያመጣው ውጤት መለየት አለበት፤ ምክንያቱም የአፈር ባክቴሪያዎች አሞኒየምን ወደ ናይትሬት ሲለውጡ ፕሮቶን ስለሚለቁ፣ ሲሟሟ ቤዛዊ የነበረው ዳፕ እንኳ ውሎ አድሮ አፈርን ያኮመጥጣል።

የአሉም እንቆቅልሽ የተፈታው በሌላ አቅጣጫ ነው። አልፍሬድ ቬርነር ከ1893 ጀምሮ ባዳበረው ንድፈ ሐሳብ፣ የብረታ ብረት አዮን በውሃ ውስጥ ብቻውን ሳይሆን የውሃ ሞሎኪውሎችን በዙሪያው አሰልፎ እንደሚኖር አስተማረ። የአሉሚኒየም አዮን ስድስት የውሃ ሞሎኪውሎችን ይይዛል። አዮኑ ትንሽ ሆኖ ሦስት አዎንታዊ ሙል ስለተሸከመ የኦክስጅኑን ኤሌክትሮኖች ወደ ራሱ ይስባል፤ ያን ጊዜ ከውሃው ሃይድሮጅኖች አንዱ ይላላና ይለቀቃል። በዚህ ምክንያት በሊትር 0.1 ሞል የአሉሚኒየም ክሎራይድ ሙሙት ፒኤች 3 አካባቢ ይገኛል፤ ከአቼቶው አሲድ ጋር ሊወዳደር የሚችል አሲድ ነው ማለት ነው። ሦስት ሙል ያለው የብረት አዮን ከዚህም ይብሳል፤ በዚሁ መጠን ከ2 በታች ያወርዳል። ማግኒዢየምና ካልሲየም ግን ሙላቸው ሁለት፣ መጠናቸውም ትልቅ በመሆኑ ውጤታቸው እምብዛም ነው፤ የሶዲየም ደግሞ ከቁጥር አይገባም። አዋሽ መልካሳ ላይ የሚመረተው አሉሚኒየም ሰልፌት የመጠጥ ውሃን የሚያጠራው በዚሁ ጠባዩ ነው፤ ፕሮቶኑን እየለቀቀ ወደማይሟሟ ሃይድሮክሳይድ ይለወጥና ደለሉን ሰብስቦ ይወርዳል፤ ለእያንዳንዱ ሚሊ ግራም አሉም በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል የውሃውን አልካላይነት ይበላል። ጥሬው ውሃ ይህን የሚሸከም ባይካርቦኔት ከሌለው ኖራ የሚጨመርበት ለዚህ ነው።

በ1923 ዴንማርካዊው ዮሐንስ ብሮንስተድና እንግሊዛዊው ቶማስ ላውሪ ለየብቻቸው፣ አሲድ ማለት ፕሮቶን የሚሰጥ፣ ቤዝ ማለት ፕሮቶን የሚቀበል ነው የሚለውን ትርጓሜ አቀረቡ። በዚህ ዓይን የአሞኒየም አዮን እንደ አሴቲክ አሲድ ያለ አሲድ፣ አሴቴትም እንደ አሞኒያ ያለ ቤዝ ነው፤ ስለዚህ "የጨው ሃይድሮሊሲስ" ማለትም ውሃ ጨውን ይሰነጥቃል የሚለው የቀደመ አነጋገር አላስፈላጊ ሆኗል የሚሉ አሉ። ሌሎች ቃሉ የሚያስተምረው ነገር ስላለው ይቆይ ይላሉ። ለአሴቴትና ለአሞኒየም የመጀመሪያዎቹ አቋም ትክክል ነው፤ አንድን ነገር በሁለት ስም መጥራት ተማሪውን ያደናግረዋል እንጂ አያስረዳውም። ለብረታ ብረት አዮኖች ግን የአዮኑ የራሱ ውሃ በእውነት ስለሚሰነጠቅ፣ ከዚያም አዮኖቹ እርስ በርስ እየተያያዙ ትልልቅ ቅንጣቶች ስለሚሆኑ፣ ሃይድሮሊሲስ የሚለው ቃል ዛሬም ተገቢ ቦታ አለው።

ሳይሳተፍ የሚለውጥ ጨው

ሁለተኛው ጥያቄ በመማሪያ መጻሕፍት ከሁሉ ያነሰ ቦታ ያገኘ፣ በተግባር ግን ብዙ ስህተት የሚያስከትል ነው። የገበታ ጨው ፕሮቶን አይሰጥም፣ አይቀበልም። ይሁንና አሲድ ባለበት ሙሙት ውስጥ ሲጨመር ፒኤቹ ይንቀሳቀሳል። ፔተር ዴባይና ኤሪክ ሂውከል በ1923 ምክንያቱን አስረዱ፦ እያንዳንዱ አዮን ተቃራኒ ሙል ባላቸው አዮኖች ደመና ስለሚከበብ እንደ ነጻ አዮን አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ከክምችቱ፣ ማለትም በሊትር ካለው ቁጥር፣ የተለየ ውጤታማ ክምችት ይኖረዋል። ይህ ውጤታማ ክምችት በኬሚስቶች ዘንድ ንቁነት ይባላል። ክምችቱ 0.1 የሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የንቁነት አባዢው 0.80 ገደማ ስለሆነ፣ ፒኤቹ በወረቀት እንደሚሰላው 1.0 ሳይሆን 1.1 ነው።

አቅጣጫው ግን ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ጨው ትንሽ ሲሆን ደመናው ሃይድሮጅን አዮኑን ያለዝበዋል፤ ጨው እየበዛ ሲሄድ ግን ብዙው ውሃ በጨው አዮኖች ዙሪያ ስለሚያዝ ነጻው ውሃ ያንሳል፤ የአሲዱም ንቁነት ከክምችቱ እጅግ ይበልጣል። ሮበርት ስቶክስና ሮበርት ሮቢንሰን በ1948 ይህን የውሃ መያዝ በስሌት ውስጥ አስገብተው ለብዙ ጨዎች የተለካውን በሚገባ አስረዱ። ስለዚህ "ጨው አሲድን ያበረታል ወይስ ያዳክማል?" ለሚለው ጥያቄ አንድ ቃል መልስ የለውም፤ ምን ያህል ጨውና ምን ዓይነት ጨው ነው የሚለው ይቀድማል።

ፒኤችን በሚያረጋጉ ሙሙቶች፣ በፈር በሚባሉት፣ ውጤቱ በአሲዱ ሙል ላይ የተመሠረተ ነው። ሙል የሌለው አሴቲክ አሲድ ፕሮቶኑን የሚለቅበት ደረጃ ጨው ሲጨመርበት ከ4.76 ወደ 4.6 አካባቢ ይወርዳል፤ አሉታዊ ሙል የተሸከመው የፎስፌት አዮን ከ7.20 ወደ 6.8 ይወርዳል፤ አሞኒየምን የመሰለው አዎንታዊ አሲድ ግን በጥቂቱ ወደ ላይ ይሄዳል። ይህ በየቤተ ሙከራው በየቀኑ ይታያል። አሥር እጥፍ ተደርጎ የተዘጋጀ ፎስፌት በፈር ሳላይን በጠርሙሱ ውስጥ ሲለካ 6.8 ያህል ያሳያል፤ በተጣራ ውሃ አሥር እጥፍ ሲቀጥን ግን አሲድም ቤዝም ሳይጨመርበት 7.4 ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ቁጥር አይቶ በኮስቲክ ሶዳ ወደ 7.4 ቢያስተካክለው፣ በኋላ ሲያቀጥነው ለሕዋሳቱ የማይስማማ ቤዛዊ ፈሳሽ ያገኛል።

የባሕር ውሃና የመለኪያው ክርክር

በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ያለው አለመግባባት እስካሁን አልተዘጋም። ሶረንሰን በ1909 ፒኤችን በክምችት ተረጎመ፤ በ1924 ከካይ ሊንደርስትሮም ላንግ ጋር ወደ ንቁነት ቀየረው። በ1929 ግን ኤድዋርድ ጉገንሃይም፣ የአንድ አዮን ንቁነት ከሌላው አዮን ተነጥሎ በምንም ሙከራ ሊለካ ስለማይችል፣ ብቻውን ሲነገር ፊዚካዊ ትርጉም የለውም ሲል ተከራከረ። አዎንታዊ አዮን ያለ አሉታዊ አይጨመርም፤ አይቀነስምም። እርሱና ሮጀር ቤትስ በ1960 የክሎራይድ አዮንን ንቁነት በስምምነት ወስነው መንገዱን ከፈቱ፤ የዛሬው የፒኤች ሚዛን የቆመው በዚህ ስምምነት ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የንጹሕና ተግባራዊ ኬሚስትሪ ኅብረት በ2002 ባወጣው መመሪያ ስምምነቱ የሚያገለግለው የአዮን ብርታታቸው፣ ማለትም በሙላቸው የተመዘነው የአዮኖቻቸው ክምችት፣ በኪሎ ግራም ከ0.1 ሞል ለማይበልጥ ሙሙቶች እንደሆነ አመልክቷል። የባሕር ውሃ 0.7 አካባቢ ነው።

ስለዚህ የባሕር ኬሚስቶች የራሳቸውን ሚዛን ሠሩ። በ1973 ስዊድናዊው ኢንግማር ሃንሰን ያቀረበው "ጠቅላላ ሚዛን" ነጻውን ሃይድሮጅን አዮን ብቻ ሳይሆን ከባሕሩ ሰልፌት ጋር የተያዘውንም ይቆጥራል፤ መለኪያውም በራሱ በሰው ሠራሽ የባሕር ውሃ ይስተካከላል። ነጻውን ብቻ ከሚቆጥረው ሚዛን ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ 0.1 ያህል ነው። ይህ ቁጥር ቀላል አይደለም። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ጀምሮ የባሕር ገጽ ፒኤች ከ8.2 ወደ 8.1 ወርዷል ሲባል የሚነገረው ለውጥም 0.1 ነው፤ ትርጉሙም የሃይድሮጅን አዮን 26 በመቶ ገደማ ጨመረ ማለት ነው። ሚዛኑን ያልጠቀሰ ጽሑፍ የአንድ ምዕተ ዓመት ተኩል ለውጥ የሚያክል ስህተት ሊሸከም ይችላል።

ጨው የሌሎቹን ጠባይ ምን ያህል እንደሚለውጥም ባሕሩ ከሁሉ አብልጦ ያሳያል። ባይካርቦኔት ፕሮቶኑን የሚለቅበት ደረጃ በንጹሕ ውሃ 10.3 ሲሆን፣ በባሕር ውሃ 8.9 ገደማ ነው፤ ማግኒዢየሙና ካልሲየሙ ካርቦኔቱን እየያዙ፣ የአዮኖቹም ደመና እየረዳ ወደ ታች ይስቡታል። የንጹሕ ውሃን ሠንጠረዥ ይዞ ባሕርን ማስላት ከ20 እጥፍ በላይ ይሳሳታል።

ከሻላ እስከ ዳሎል

ኢትዮጵያ ለዚህ ጥያቄ ሁለት ተቃራኒ መልሶችን በአንድ ስምጥ ሸለቆ ይዛለች። ሻላ፣ አቢጃታና ጭቱ ሐይቆች ፒኤቻቸው 10 ገደማ የሆነ የሶዳ ውሃዎች ናቸው፤ ከአቢጃታ ሶዳ አሽ ሲመረት ቆይቷል። በስተ ሰሜን ዳሎል ላይ ያሉት አረንጓዴና ቢጫ ኩሬዎች ደግሞ ዜሮ አካባቢና ከዜሮም በታች ይለካሉ። ሁለቱም ትነት ከሚገባባቸው ውሃ የሚበልጥባቸው ጨዋማ ውሃዎች ናቸው። ልዩነታቸውን የሚያስረዳው ሮበርት ጋረልስና ፍሬድ ማኬንዚ በ1967 የጀመሩት፣ ላውረንስ ሃርዲና ሃንስ ዮይግስተር በ1970 ያዳበሩት የ"ኬሚካዊ ውሃ ልክ" ሐሳብ ነው። ውሃው ሲተን መጀመሪያ የሚዘቅጠው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ካልሲየሙ ቀድሞ ካለቀ ካርቦኔቱ ከሶዲየም ጋር ቀርቶ ውሃው ሶዳ ይሆናል፤ ካርቦኔቱ ቀድሞ ካለቀ ደግሞ ካልሲየምና ማግኒዢየም ከክሎራይድ ጋር ይቀሩና አሲድን የሚያጣፋ ነገር ይጠፋል። የመካከለኛው ስምጥ ሸለቆ ወንዞች ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብዙ ሶዲየምና ባይካርቦኔት፣ ጥቂት ካልሲየም ስለሚያመጡ የመጀመሪያውን መንገድ ይይዛሉ። የአፋር ዝቅተኛ ቦታ ጨው ግን በቀድሞ ዘመን ከቀይ ባሕር ገብቶ የተነነ ነው፤ አሞሌው የሚቆረጥበት ጨው ራሱ በውሃ ቢሟሟ ገለልተኛ ነው።

ዳሎልን አሲዳማ ያደረገው ከታች የሚወጣው የእሳተ ገሞራ ጋዝና የብረቱ መለዋወጥ ነው፤ ሁለት ሙል ያለው ብረት ኦክስጅን ሲያገኝ ወደ ሦስት ሙል ይለወጣል፣ ያም ከላይ እንደተገለጸው ብርቱ ፕሮቶን ሰጪ ይሆናል። ጨው የጠገበው ውሃ ይህን አሲድ ያበረታዋል። በአቅራቢያው ያለው የጋኤታሌ ኩሬ በኪሎ ግራም 433 ግራም ጨው፣ በአብዛኛው የካልሲየምና የማግኒዢየም ክሎራይድ፣ እንደያዘ ኤድዋርዶ ፔሬዝና ዮናስ ጨቡዴ በ2017 አሳትመው በዓለም ከታወቁት ውሃዎች ጨዋማው እንደሆነ አመልክተዋል። ዜሮን አልፎ የወረደው ቁጥር በእንዲህ ያለ ውሃ ምን ማለት እንደሆነ አሁንም ያከራክራል፤ የመስታወት ኤሌክትሮድ ለእንዲህ ያለ ጨው አልተስተካከለምና። ሕይወትስ አለ ወይ በሚለው ላይም በ2019 የወጡ ሁለት ጥናቶች ተለያይተዋል፦ አንዱ በዳሎል ዝቃጮች ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ረቂቅ ሕዋሳት ተገኙ ሲል፣ ሌላው እጅግ አሲዳማ በሆኑትና ማግኒዢየም በበዛባቸው ኩሬዎች ሕይወት አልተገኘም ብሏል።

የኖርማል ሳላይን ክርክር

በሐኪሞች መካከል ያለው ክርክር ጥያቄውን ወደ ሰው አካል ያመጣዋል። ኖርማል ሳላይን በሊትር 9 ግራም የገበታ ጨው ነው፤ ከረጢቱ ላይ የሚነበበው ፒኤች 5.5 አካባቢ ነው፤ የአሜሪካ የመድኃኒት መመዘኛ ከ4.5 እስከ 7 ድረስ ይፈቅዳል። ይህ አሲዳማነት ከአየር ከሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከመያዣው የሚመጣ እንጂ ከጨው አይደለም፤ መጠኑም እጅግ ትንሽ ስለሆነ ደምን አያኮመጥጥም። በሌላ በኩል ብዙ ሊትር የተሰጠው ታማሚ ደሙ በእርግጥ አሲዳማ ይሆናል። ለምን?

አንደኛው አቋም ሳላይኑ የደሙን ባይካርቦኔት ስለሚያቀጥነው ነው ይላል። ካናዳዊው ፒተር ስቱዋርት በ1981 ያቀረበው ሌላው አቋም ግን፣ ወሳኙ በሶዲየምና በክሎራይድ በመሳሰሉት ብርቱ አዮኖች መካከል ያለው የሙል ልዩነት ነው ይላል፤ በደም ውስጥ ልዩነቱ በሊትር 40 ሚሊ ኢኩቫለንት ያህል ሲሆን፣ በሳላይን ግን ዜሮ ነው፤ ክሎራይድ ሲገባ ልዩነቱ ይጠብና ሃይድሮጅን አዮን ይጨምራል። የሁለቱ ስሌት አንድ ውጤት ስለሚሰጥ በሙከራ ብቻ ሊለያዩ አይችሉም። የሙል ሚዛን ግን ውሃው የሚታዘዘው ገደብ እንጂ ፕሮቶንን የሚያንቀሳቅስ ምክንያት ስላልሆነ፣ የስቱዋርት መንገድ ለመቁጠር የሚመች፣ መንስኤን ለማስረዳት ግን የማይበቃ ነው ማለት ይቻላል። በታማሚዎች ላይ ያለው ማስረጃም የተደባለቀ ነው። በ2018 በአሜሪካ በ15,802 ጽኑ ሕሙማን ላይ የተሠራው ጥናት፣ ሞትን፣ ኩላሊትን የሚተካ ሕክምናንና ዘላቂ የኩላሊት ጉዳትን አንድ ላይ ቆጥሮ፣ ከሳላይን ጋር ሲነጻጸር እንደ ሪንገር ላክቴት ያሉት የተመጣጠኑ ፈሳሾች ከ15.4 ወደ 14.3 በመቶ እንደሚቀንሱ አገኘ፤ በ2021 በብራዚል፣ በ2022 በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ የተሠሩት ግን በ90 ቀን ሞት ላይ ግልጽ ልዩነት አላገኙም።

አፈርና የመጨረሻው ያልተዘጋ ነገር

በአፈር ላይ ሦስቱ ጥያቄዎች አንድ ላይ ይገናኛሉ። ገለልተኛ የሆነ የፖታሲየም ክሎራይድ ሙሙት ከአሲዳማ አፈር ጋር ሲበጠበጥ፣ በተራ ውሃ ከሚገኘው ፒኤች ከግማሽ እስከ አንድ ቁጥር ዝቅ ብሎ ይለካል። ጨው ራሱ ፕሮቶን አልሰጠም፤ ፖታሲየሙ በሸክላው ላይ የተያዘውን ነገር ገፍቶ አወጣው። የወጣው ምን እንደሆነ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት አከራክሯል። በ1904 ፍሌቸር ቪች በአሜሪካ በጨው የወጣው አሉሚኒየም መሆኑን አሳየ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አሲዳማ ሸክላ የሚይዘው ሃይድሮጅን ነው የሚለው ሐሳብ ነገሠ፤ በ1950ዎቹ ሃይድሮጅን የያዘ ሸክላ ራሱን እያፈረሰ አሉሚኒየም እንደሚለቅ ሲታወቅ ወደ ቪች ተመለሱ። ሃንስ ዬኒ በ1961 ይህን መመላለስ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አድርጎ ተርኮታል። ዛሬ አሉሚኒየሙ ዋና ነው የሚለው አቋም ጸንቷል፤ ኖራ በአሲዳማ አፈር ላይ የሚሠራውም አሉሚኒየሙን ወደማይሟሟ ሃይድሮክሳይድ በመመለስ ነው።

መለኪያው ግን አልተጠቃለለም። አንዳንድ ቤተ ሙከራ በውሃ፣ አንዳንዱ በፖታሲየም ክሎራይድ፣ ሌላው ሮበርት ስኮፊልድና ባልደረባው ቴይለር በ1955 ባቀረቡት በሊትር 0.01 ሞል የካልሲየም ክሎራይድ ሙሙት ይለካል፤ የመጨረሻው የእርሻ አፈር ውሃ ከያዘው ጨው ጋር ስለሚቀራረብ ዝናብ በጣለና ባልጣለ ወቅት ቁጥሩ ብዙ አይዋዥቅም። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ያህሉ አሲዳማ ነው የሚለው ዘወትር የሚጠቀስ ግምት ነው፤ የጎጃምና የወለጋ ገበሬ ኖራ ገዝቶ ሲያጓጉዝ የሚመራው ግን በመሬቱ ፒኤች ነው። በውሃ 5.5 የተለካ መሬት በፖታሲየም ክሎራይድ 4.5 ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ የብዙ ኩንታል ኖራ ልዩነት ነው። ስለዚህ የአፈር ምርመራ ውጤት የሚያወጣ ቤተ ሙከራ ሁሉ ከፒኤቹ ጎን በምን ሙሙት፣ ከአፈሩ ጋር በምን ያህል መጠን፣ በስንት ዲግሪ እንደለካ ይጻፍ፤ ውጤቱን የሚቀበለው የግብርና ባለሙያም ይህ ያልተጻፈበትን ወረቀት ለገበሬው ከመንገሩ በፊት መልሶ ይጠይቅ።